«ሆድ ይፍጀው» እና ማንም የማያነበው ገጽ

አጎቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንድ የክልል ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። ከእሳት ሲመለሱ ተረኛው መዝገብ ይሞላል፦ ሰዓት፣ ሰፈር፣ የእሳቱ መነሻ፣ የወደመው ንብረት ግምት፣ የተጎዳ ሰው ብዛት፣ የሞተ ሰው ብዛት። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ከደረሰ አንድ ቃጠሎ በኋላ፣ በመጨረሻው ሳጥን ውስጥ «1» ብሎ ጻፈ። «አንድ ብዬ ፈረምኩ፤ ከዚያ እጄን ታጥቤ ምሳ በላሁ» አለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ። «1» የተባለችው የአራት ዓመት ልጅ ናት። አልጋ ሥር ነው ያገኛት። ትንንሽ ልጆች እሳት ሲያዩ ከመሮጥ ይልቅ ይደበቃሉ፤ በሙያው ያለ ሰው ይህን ስለሚያውቅ አልጋ ሥርና ቁም ሣጥን ውስጥ ሳያይ አይወጣም። አጎቴም አየ።

ይህን የነገረኝ ስለጠየቅኩት ነው። የጠየቅኩት ደግሞ ለሥራ ነው። አሁን ሳስበው ትንሽ ያሳፍረኛል።

ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ከሁለት ዓመት በፊት የምሠራበት ትንሽ ድርጅት ለድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች የሚሆን የስልክ መተግበሪያ እንዲሠራ ታዘዘ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከባድ ነገር ያየ ሠራተኛ ለአራት ቀን፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ይጽፋል። ያየውንም የተሰማውንም። ፊደል ቢሳሳት፣ ዓረፍተ ነገሩ ባይያያዝ ግድ የለም፤ ሰዓቱ እስኪሞላ ብቻ አያቁም። እኔ የደረሰኝ ያቺን ባዶ ገጽና ሰዓት ቆጣሪውን መሥራት ነበር። በሦስት ቀን አለቀ። ከዚያ ሁለተኛው ትዕዛዝ መጣ፦ ለኃላፊዎች የሚሆን ዳሽቦርድ። ጽሑፉን አያነቡትም፤ ኮምፒውተሩ አንብቦ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም አጠገብ ቀለም ያስቀምጣል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። «ቀይ የሆነውን ሰው እንድንረዳው» ይላል ማብራሪያው። ክፋት የለበትም። እንዲያውም ደግነት ነው የሚመስለው።

እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ ለራሴ ለማስረዳት ብዙ ወር ፈጅቶብኛል፤ ይህም ጽሑፍ የዚያ ትርፍራፊ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔንቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሳንድራ ቢል ጋር ሆኖ 46 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በተከታታይ አራት ምሽት፣ በየምሽቱ 15 ደቂቃ አስጻፈ። ገሚሶቹ ስለ ተራ ነገር፣ ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለገጠማቸው መከራ። ከነዚህም ውስጥ የሆነውን ብቻ የጻፉ ነበሩ፣ ስሜቱን ብቻ የጻፉ ነበሩ፣ ሁለቱንም አዋህደው የጻፉ ነበሩ። በሚቀጥሉት ወራት የዩኒቨርሲቲውን ክሊኒክ ደጅ ከሌሎቹ ያነሰ የረገጡት ሁለቱን ያዋሃዱት ሆኑ። ብዙ ጊዜ የሚዘለው ነገር ግን ይኸው ነው፦ እነዚሁ ሰዎች ጽፈው እንደጨረሱ ወዲያው ሲለኩ የባሰ አዝነው፣ የደም ግፊታቸውም ጨምሮ ነበር። ቁስሉ ሲነካ ያማል። ቀለል የሚለው፣ ቀለል ካለ፣ ኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ በመቶ የሚቆጠሩ ጥናቶች ተሠርተዋል። በ2006 ጆአን ፍራታሮሊ 146ቱን ሰብስባ ስትመረምር ጥቅሙ እንዳለ፣ ግን ትንሽ እንደሆነ አገኘች። እንደ መሐንዲስ ይህ ቅር አላሰኘኝም። የሚያስፈልገው ወረቀትና ሃያ ደቂቃ ከሆነ፣ ትንሽ ጥቅም ጥቅም ነው። ትንሽ ጥቅም ያለውን ነገር እንደ ትልቅ መድኃኒት አድርጎ ማዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላም ታሪክ አለ፤ ለእሳት አደጋ ቤቶች የበለጠ የሚቀርብ። ጄፍሪ ሚቸል ራሱ በእሳት አደጋና በአምቡላንስ ሥራ ያለፈ ሰው ነው። በ1983 አንድ ዘዴ አሳተመ፦ ከክፉ አደጋ በኋላ ቡድኑ በቀናት ውስጥ ተሰብስቦ ያየውንና የተሰማውን በተራ ይናገራል። ዘዴው ከሀገር ሀገር ተዛመተ፤ አንዳንድ ቦታ ግዴታ ሆነ። ሰው ተናግሮ ይቀለዋል ብሎ የማያምን ማን አለ? ከእሱ የተቀዳና ለተጎጂዎች ለየብቻ የሚሰጥ ዓይነትም መጣ። ታዲያ ዌልስ ውስጥ እሳት አቃጥሏቸው ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ተጠኑ፤ ጥናቱም በ1997 ታተመ። ከ13 ወር በኋላ ሲታዩ፣ ወዲያው እንዲናገሩ ከተደረጉት 26 በመቶው ከባድ የአእምሮ ቁስል ምልክት ነበረባቸው፤ ካልተነኩት ደግሞ 9 በመቶው። እርግጥ የተናገሩት ከመጀመሪያውም ቃጠሏቸው የከፋ ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ መዋጥ አይገባም። ሆኖም ተመሳሳይ ጥናቶች ተደማምረው፣ በ2002 የወጣ ሰፊ ግምገማ ተጎጂዎችን በግድ እንዲህ ማናገር ይቅር አለ።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች እኔ የወሰድኩት አንድ ጥያቄ ነው። ያው ሰው፣ ያው መከራ፣ ምናልባትም ያው ቃል። አንዱ ጋ ይረዳል፣ ሌላው ጋ አይረዳም ወይም ይጎዳል። ጊዜው አለ፣ ዘዴው አለ፣ ግን ከሁሉ በላይ የታየኝ «ንገረን» የሚለው ማን ነው የሚለው ነው።

አጎቴን የጠየቅኩት ያኔ ነው። ቤቱ ሄጄ፣ ቡና እየተፈላ። ለሥራዬ እንደሆነ ነገርኩት፤ ሳቀ። «ምን ልትጽፍብኝ ነው?» አለ። ከሳቁ በኋላ ግን ስለ ልጅቷ ነገረኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል በሠራበት ቤት ስለሷ አንድም ቀን ተወርቶ አያውቅም። ጓደኞቹ ያውቃሉ፤ አብረውት ነበሩ። ሲመለሱ ቱቦ አጠቡ፣ ቱቦ አሰጡ፣ አንዱ ቀለደ፣ ሁሉም ሳቁ። ማታ አንድ ሁለት ጠጡ። «ሆድ ይፍጀው ነው የኛ ሥራ» አለኝ።

ይህን አባባል ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ! አንድም ቀን ግን ውስጡ እሳት እንዳለ አላስተዋልኩም። ፈጀ ማለት አቃጠለ፣ ጨረሰ ማለት ነው። ሆድ ምሥጢሩን ይፍጀው እንላለን፤ ማን ማንን እንደሚፈጅ ግን አንጠይቅም።

ከዚያ አጎቴ ሌላ ነገር ጨመረ። በሦስተኛው ቀን፣ ሥራ የለውም ነበር፣ የሲቪል ልብሱን ለብሶ ወደ ልጅቷ ቤት ለቅሶ ሄደ። ድንኳን ውስጥ ገብቶ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ቆሎ ዞረ፣ ውሃ ዞረ። አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «የማን ወገን ነህ ልጄ? በናትየው ነው ባባትየው?» አሉት።

«ምን አልካቸው ጋሼ?»

«የሰፈር ሰው ነኝ አልኳቸው። ትንሽ ቆይቼ ወጣሁ።»

ይህ ነገር ከጥናቶቹ ሁሉ በላይ አስተማረኝ። እኛ እኮ ሐዘን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ድንኳን አለን፣ እድር አለን፣ አልቃሽ አለን፣ ሰልስት አለን፣ አርባ አለን፣ ሰማንያ አለን። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይቀመጥ ተብሎ የተሠራ ትልቅ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የማን ወገን ነህ? ልጅቷን በመጨረሻ ያቀፋት ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ዘመድ አይደለም። ጎረቤትም አይደለም። ሥራው ነው። ደሞዝ ተከፍሎበታል። የሐዘኑን ልክ የሚነግረው፣ መቼ እንደሚያልቅ የሚነግረው የለም።

ቤታችን ኦርቶዶክስ ነው፤ ስለዚህ ሌላም በር ነበረው። ንስሐ አባቱ ጋ ሄደ። ጭሱ ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር መጀመሪያ የገባው ወደ ጓዳው እንደሆነ፣ ከጓዳው ተመልሶ ወደ መኝታ ክፍሉ እንደገባ፣ ተገላቢጦሽ አድርጎት ቢሆን ኖሮ ምናልባት... እንዲህ ብሎ ተናገረ። ቄሱ በጥሞና ሰሙትና «ልጄ፣ ይህ ኃጢአት አይደለም» አሉት፤ ጸለዩለት። ትክክል ናቸው፣ ኃጢአት አይደለም። አጎቴ ግን ምን አለኝ? «ኃጢአት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቀኖና ይሰጡኝ ነበር። ይህን ያህል ስገድ፣ ይህን ያህል ጹም፣ ከዚያ ያልቃል።»

ጥፋት ያልሆነ ጥፋት ይሉታል? እንጃ። በየትኛውም መዝገብ ውስጥ ሳጥን የለውም። የዕለት መዝገቡ «1» ይላል። ድንኳኑ ወገኑን ይጠይቃል። ንስሐው ኃጢአቱን ይጠይቃል። ባዶ ገጽ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ምንም የማይጠይቅ ነገር በመሆኑ።

እዚህ ላይ ራሴን የምቃወምበት ምሳሌ አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ማጭበርበር ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር የተባለ ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰው ሞተ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩበት። በዚያ ሌሊት ለረጅም ሰዓት ነዋሪዎች ከየቤታቸው እንዳይወጡ፣ ባሉበት እንዲቆዩ ይነገራቸው ነበር፤ ለእንዲህ ዓይነት ሕንፃ የቆየው መመሪያ ይህ ስለሆነ። መመሪያው የተነሣው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 ላይ ነው። በ2019 የወጣው የአጣሪው የመጀመሪያ ሪፖርት፣ ውሳኔው ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ከ50 ባለው ጊዜ ሊወሰድ ይገባ ነበር፣ ቢወሰድ ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ሳያንስ አይቀርም ነበር አለ። በ2024 የወጣው ሁለተኛው ደግሞ ጥፋቱን ከዚያ ሌሊት ብዙ ዓመት ወደኋላ ሄዶ፣ ሕንፃውን በሚቀጣጠል ነገር ባለበሱትና ማስጠንቀቂያን ችላ ባሉት ላይ ከመረው።

አጣሪው ይህን ሁሉ ያወቀው የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የስልክ ተቀባዮች ያዩትንና ያደረጉትን ስለጻፉና ስለመሰከሩ ነው። ደረጃው ላይ ማንን አለፍክ? ለደወለችው ሴት ምን አልሻት? የሞተባቸው ቤተሰቦች ይህን የማወቅ መብት አላቸው። እዚህ ጋ «ገጹ የኔ ነው፣ አታንብቡት» ማለት አይቻልም። የአጎቴ ልጅ፣ ወይም እናቱ፣ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ብትሆን ኖሮ እኔም ወረቀቱን ከእጃቸው ነጥቄ አነብ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ገጽ አለ ማለት ነው። አንዱ ዕዳ ነው፤ የሆነውን፣ በሰዓቱና በቦታው፣ ለሚመለከተው ሰው የምናስረክበው። አጎቴ መጀመሪያ ወደ ጓዳ መግባቱ በዚያ ገጽ ላይ መስፈር አለበት፤ ልጅቷ እናት አላትና። ሁለተኛው ገጽ ግን አጎቴ ዛሬም ጓዳ በር ላይ ሲደርስ እግሩ ለምን እንደሚያመነታ ነው። ይህን ለማንም ዕዳ የለበትም። ለአለቃውም፣ ለአጣሪውም፣ ለእኔም። ዳሽቦርዱ ያስቸገረኝ ሁለተኛውን ገጽ ወስዶ የመጀመሪያውን ዓይነት ስለሚያደርገው ነው። በደግነት ነው የሚያደርገው፤ ግን ያደርገዋል።

ይህ እስካሁን ሐሳብ ብቻ ነበር። ከዚያ መተግበሪያውን በራሴ ላይ ሞከርኩት።

ለሙከራ የሚሆን ጽሑፍ ያስፈልግ ነበርና የእውነት ጻፍኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ዶርም የነበረ ጓደኛዬ ራሱን አጥፍቷል። በዚያ ሳምንት «እንዴት ነህ?» ብዬው «ደህና ነኝ» ብሎ መልሶልኝ ነበር፤ መልእክቱ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ይህን ለአራት ቀን ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ያለ ቀለም፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀን ቀለሙ እየሠራ። የቀለሙን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አለቃ አያየኝም፣ ኮምፒውተሩ የኔው ነው። እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን ቃል መምረጥ ጀመርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ፣ ይህ ቢጫ ያደርገኛል ብዬ አጠፋሁት፤ በምትኩ ለስለስ ያለ ጻፍኩ። አራተኛው ቀን አረንጓዴ ሆንኩ። አረንጓዴ የሆንኩት ግን ስለተሻለኝ አልነበረም። ጓደኛዬ ለኔ እንደመለሰልኝ ለኮምፒውተሩ «ደህና ነኝ» ብዬው ነው።

የቃላቱን ዝርዝር ሳዘጋጅ ደግሞ አማርኛ አሳቀኝ። እኛ ሀገር ሰው ሳይሞት የሚውልበት ቀን አለ እንዴ? ሲምል «ልሙት!» ይላል። ሲያጎርስ «በሞቴ» ይላል። ሲወድ «ሞትኩልህ»፣ ሲስቅ «በሳቅ ሞትኩ»፣ ሲቆርጥ «ሞቼ እገኛለሁ»። መተግበሪያው ግማሹን ሀገር ቀይ አደረገው። የምር የጨነቀው ሰው ደግሞ «ትንሽ ደክሞኛል» ብሎ አረንጓዴ ሆኖ ያልፋል። የተሻለ ሞዴል ብናስገባ ይህ ይስተካከላል ይባል ይሆናል፤ ሊስተካከልም ይችላል። ሦስተኛው ቀን ላይ የደረሰብኝ ግን በሞዴል አይስተካከልም። እንዲያውም ሞዴሉ ጎበዝ በሆነ ቁጥር እኔም መደበቅ ላይ ጎበዝ እሆናለሁ።

ስብሰባ ላይ ይህን ተናገርኩ። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ የሥራ ባልደረባዬ እስክጨርስ ጠበቀችና እንዲህ አለች፦ «እሺ። ሰውዬው ገጹ ላይ ነገ አልኖርም ብሎ ጻፈ። ማንም አያነብም ብለን ቆልፈነዋል። ጠዋት ሞተ ተባለ። አንተ ያን ቀን ማታ ትተኛለህ?»

አልመለስኩም። ስለ ጓደኛዬ አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ እንዲህ አትለኝም ነበር። ግን ልክ ናት። ያን ሳምንት ጓደኛዬ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ማሽንም ቢሆን አንብቦ ቀስቅሶኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ። የግል ገጽ ክቡር ነው የሚለው ንግግሬ በዚያ ሌሊት ፊት ምን ያህል እንደሚቀል አውቃለሁ። እስካሁንም ይህን ሚዛን አሸንፌዋለሁ አልልም።

ያገኘሁት መንገድ ቢኖር የጠባብ በር ያህል ነው። ዴኒዝ ስሎንና ብራያን ማርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች የሠሩት የጽሑፍ ሕክምና አለ። እዚያ ገጹ ይነበባል። ሰውየው ስለ አንድ መከራው ሠላሳ ደቂቃ ይጽፋል፤ ባለሙያው ያነብለታል፣ ሲገናኙ ስለ አጻጻፉ ያነሣለታል። በ2018 በታተመው ጥናታቸው 126 ታማሚዎች ነበሩ፤ አምስት ጊዜ ብቻ የጻፉት አሥራ ሁለት ጊዜ የሚወስደውን የታወቀ ሕክምና ካገኙት የባሱ አልሆኑም። ይህን ሳነብ ሐሳቤን ማረም ነበረብኝ። ገጹ መነበቡ አይደለም ጉዳቱ። የሚያነበው ሰው ደሞዝህን፣ ዕድገትህን፣ ነገ መኪናው ላይ መውጣት አለመውጣትህን በእጁ ሲይዝ ነው። ንስሐ አባት የሚነገራቸው ይህ ሥልጣን ስለሌላቸው ነው። አለቃ ደግ ሊሆን ይችላል፤ ግን አለቃ ነው። ቀይ የሆነ ሰው «ለጊዜው ቢሮ ይቀመጥ» ይባላል። የተቀመጠበትን ምክንያት ጓደኞቹ በአንድ ቀን ውስጥ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት እውነት የሚጽፍ አይኖርም።

እናም ያቀረብኩት እንዲህ ነበር። ጽሑፉ ከስልኩ አይወጣም። ከገጹ ግርጌ ሁልጊዜ የሚታይ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የማይገናኝ የባለሙያ ስልክ ይኖራል፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የሚያነሣው ሰው በትክክል ተቀጥሮ። ሌላም ቁልፍ፦ «ለምመርጠው ሰው ላክ»። ሰውየው ራሱ ወስኖ የሚጫነው። ባልደረባዬ አየችውና «የሚጫነውማ ይጫናል፤ እኔ የምፈራው ለማይጫነው ነው» አለች። ይህንም አልመለስኩም።

ዳሽቦርዱ ቀረ። የቀረው ግን በኔ ክርክር እንዳይመስላችሁ፤ በጀቱ አልበቃም። ለሁለተኛው ዙር ይታያል ተብሏል። አንድ ነገር ብቻ ገባ፦ ስንት ሰው ገጹን እንደከፈተ የሚቆጥር ቁጥር፣ ያለ ስም። ለለጋሾች ሪፖርት ያስፈልጋል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። «1» የሚል ነገር እንደገና ሳጥን ውስጥ ስከት አጎቴን አሰብኩ።

መተግበሪያውን አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ፣ ስልኩን ራቅ አድርጎ ይዞ አነበበ። «ጥሩ ነው» አለ። «ግን መጀመሪያ ጭንብል ግዙላቸው በላቸው። እኛ እርጥብ ጨርቅ አፋችን ላይ አስረን የገባንበት ቀን አለ።» የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 የእሳት አደጋ ሥራን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ከሲጋራ ጭስና ከአዝቤስቶስ ጋር ማለት ነው። አጎቴ ይህን አያውቅም፤ ሳል ግን አለበት። እውነቱን ለመናገር፣ መጻፊያ ገጽ ከመተንፈሻ መሣሪያ ይረክሳል። በወር ሁለት ቀን ተጨማሪ ዕረፍት ከመስጠትም ይረክሳል። ይህን እያወቁ ገጹን ብቻ የሚሰጡ ሰዎች ሠራተኛው ቁስሉን ራሱ እንዲያክም ወረቀት አቀበሉት እንጂ ዕዳቸውን አልከፈሉም። እኔም ከአቀባዮቹ አንዱ ነበርኩ፤ ደሞዜን በልቻለሁ።

በስልክ መጻፍ አይሆንለትም፤ ጣቱ ሁለት ፊደል ባንዴ ይነካል። ስለዚህ ስሄድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተርና ሁለት እስክርቢቶ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት። ስለሱ ምንም አላልኩም። እሱም አላለም።

በዚህ ፋሲካ ቤታቸው ሄድኩ። ደብተሩ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር፤ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ሽፋኑ ላይ በትልልቁ «የእድር ሒሳብ» ተብሎ ተጽፎበታል። አጎቴ የእድር ሒሳብ ይዞ አያውቅም። ሚስቱ ቡና እያቀረበች «ይኸው ማታ ማታ ከዚህ ጋር ነው የሚያመሸው፤ ምን እንደሚጽፍ እንጃ፤ አንተ ነህ ያመጣህበት?» አለችኝ።

«ሒሳብ ነው እትዬ» አልኳት።

አጎቴ ቀና ብሎ አየኝ። «እያለቀ ነው» አለ። «ስትመጣ ባለ መቶውን አምጣልኝ።»